ወደ ጎን የማይዞሩ ሰዎች

መርስዔ ኀዘንን አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። የጂኦግራፊ ደብተሩን ስገልጥ ጣና ደኅና ተሥሎ አገኘው ነበር፤ ደሴቶቹም በየቦታቸው ነበሩ። ክፋቱ በየደሴቱ ላይ አንድ አንድ ሰው ያቆም ነበር። "ይህ ማን ነው?" ስለው፣ "የዚያ ደሴት ሰው ነው፣ መምህር፤ የሚያሻግረው ቢያገኝ ወደዚህኛው ይመጣል" ይለኛል። ካርታ ላይ ሰው እንደማይቆም አስረድቼ ከዐሥር ስድስት ሰጠሁት። ዛሬ ቢሆን ዐሥር እሰጠው ነበር።

አድጎ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ሆነ። ቀን ባሕር ዳር ወደብ ላይ ሞተር ሲፈታ ይውልና፣ ፋሲሎ ሰፈር ቤቱ ሲገባ እጁን ታጥቦ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ጌም ይሠራል። ተጫዋቹ አንድ ሰው ይሆንና፣ በዚያ ሰው እግር እየሄደ፣ ከሰው እየተነጋገረ፣ እየተማረና እየበረታ የሚኖርበት ዓይነት ጌም ነው። የመርስዔ ሰው ዳኘው ይባላል፤ ሥራው በታንኳ ከደሴት ደሴት መልእክት ማድረስ ነው። ይህን ሥራ ለመርስዔ ያዘዘው ሰው የለም፤ ደስ ስላለው ብቻ ነው የሚሠራው።

ችግሩ ምስሉ ነበር። ጌም የሚሠራበትን ፕሮግራም "ኢንጅን"፣ ሞተር እንደ ማለት፣ ይሉታል፤ መርስዔ በአራት ዓመት ሰባት ኢንጅን ጭኖ ሰባቱንም አጥፍቷል። አንዱ ሰውን እንደ ግድግዳ ሥዕል ጠፍጣፋ አድርጎ ያሳያል። ሌላው ስሪዲ ነው፤ ሰውዬውን እንደ ሐውልት ዙሪያውን ታየዋለህ። ደግሞ ሁሉን ነገር በትናንሽ አራት ማዕዘን ነጥብ የሚሠራ አለ፤ የሰፌድ አለላ ይመስላል። መርስዔ እስኪመርጥ ድረስ ዳኘውን ግራጫ ሳጥን አድርጎ አቆመው። ሳጥኑ ይሄዳል፣ ሳጥኑ ታንኳ ይቀዝፋል፣ ሳጥኑ ለሌላ ሳጥን "ጤና ይስጥልኝ" ይላል።

ሚስቱ ፅጌ ማርያም ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች፣

"ዳኘው ዛሬም ሳጥን ነው?" ትለዋለች።

"ዛሬም ሳጥን ነው።"

"ቀን ሞተር ስትፈታ ትውላለህ፣ እቤት ሞተር ስትጭን ታመሻለህ። ሰውዬው መቼ ነው እግር የሚያወጣ?"

"ምርጫው ከተበላሸ እኮ ኋላ ሁሉንም ማፍረስ ነው፣ ፅጌ።"

"ምን ተሠርቶ ነው የሚፈርሰው?"

እንዲህ ሲል ዐሥር ዓመትም በቆየ ነበር። ያጣደፈው የአማቱ ዓይን ነው። የፅጌ ማርያም አባት አለቃ ገብረ መስቀል በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሲሥሉ ስልሳ ዓመት ኖረዋል። መርስዔ የዳኘውንና የደሴቶቹን ሰዎች ፊት በእሳቸው እጅ ለማሣል ይመኝ ነበር፤ ሌላ ፊት አልታየውም። ባለፈው ጥቅምት ሐኪም የአለቃን ዓይን መርምሮ፣ "ብርሃኑ እየጠበበ ነው፤ እስከ ፋሲካ ቢቆይ ነው" አለ። መርስዔ ያን ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለስ ስሪዲውን መረጠ፤ በሁለት ሳምንትም ለዳኘው አካል አበጀለት። አካሉ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ወታደር ነው። የብረት ጥሩሩን ገፍፎ ጋቢ አለበሰው፤ የብረቱን ድምፅ ግን ሊያጠፋው አልቻለም። ዳኘው ጋቢውን ተከናንቦ ሲራመድ ቂው ቂው ይል ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ኮምፒውተሩን ይዘው ሹም አቦ ሰፈር አለቃ ዘንድ መጡ። እኔም ጎረቤት ነኝና ነበርሁ። አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ዳኘው ፊት ለፊት ቆሞ ያያቸዋል።

"ሸጋ ልጅ ነው" አሉ። "ዓይኖቹ ሙሉ ናቸው።"

"ይህ ለጊዜው ነው፣ አለቃ፤ እውነተኛውን ፊት እርስዎ ይሥሉልኛል ብዬ ነው። እስቲ ወደ ታንኳው ሲሄድ ይዩልኝ።"

ቁልፉን ተጫነ። ዳኘው ወደ ጎን ዞረ። አለቃ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

"ምነው! ምን በደለ?"

"ማን?"

"ይሄ ልጅ ነዋ! አሁን ደኅና አልነበር? ምን ሠርቶ ነው ባንድ ዓይን የቀረ?"

ለማያውቅ ልንገር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። አለቃም በስልሳ ዓመት ሥራቸው አንድ ደግ ሰው እንኳ አዙረው አያውቁም።

"ዞሮ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም" አለ መርስዔ።

"ደግ ሰው ወደ ጎን አይዞርም።"

"አባዬ፣ እርስዎስ ወደ በሩ ሲዞሩ?" አለች ፅጌ ማርያም ሣቋን ይዛ።

"እኔ ሥዕል አይደለሁም።"

መርስዔ ነገሩን ላብርድ ብሎ ዳኘውን ጨርሶ አዞረው፤ ጀርባው ታየ። ይህ ባሰ።

"አሁን ደግሞ ዓይንም የለው!" ብለው አለቃ አማተቡ። "ኧረ ልጁን ወደነበረበት መልሱት! የማይዞር አድርገህ አምጣልኝ፤ ያኔ እሥልልሃለሁ። ለሚዞር ፊት ግን ብሩሼን አላነሣም።"

መርስዔ ስሪዲውን ትቶ ወደ ጠፍጣፋው ሥዕል ተመለሰ። እዚያም ቢሆን ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ በጎኑ ነው የሚታየው። ስለዚህ ዳኘው ወዴትም ቢሄድ ፊቱ ወደ እኛ እንዲሆን ቆረጠ። እግሩ እንዴት እንደሚጣል ለማየትም፣ ወደቡ ላይ የመንገደኛ ጀልባ ያለውን ወዳጁን ሙሐዲንን ያዘው።

"ሙሐዲን፣ እስቲ ፊትህን ሳታዞርብኝ ወደ ጀልባህ ሂድ።"

"ምነው፣ ተጣልተን ነበር እንዴ?"

"ለጌሙ ነው፤ ደግ ሰው አይዞርም ብለዋል አለቃ።"

"ለሳጥኑ ሰውዬ?"

"አሁን እግር አውጥቷል።"

ሙሐዲን እየሣቀ እንደ ሸርጣን ወደ ቀኝ ሄደ። ያ ደኅና ነበር። "አሁን ራቅ በል፤ እያየኸኝ ግን" አለው መርስዔ፣ በስልኩ እየቀረጸ። ሙሐዲን የኋሊት መራመድ ጀመረ። ተራ የሚጠብቁ ሁለት መንገደኞች የጀልባው ባለቤት ሲያደርገው አይተው አዲስ ደንብ የወጣ መሰላቸው፤ ሻንጣቸውን አንሥተው እነሱም የኋሊት ተከተሉት። ወደ ውኃው የሚዘልቀው የድንጋይ መቆሚያ ያለቀው ያኔ ነው። ሙሐዲን ዓይኑን ከመርስዔ ላይ ሳይነቅል እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገባ። ሁለቱ መንገደኞች ጫፉ ላይ ቆመው፣

"እኛም እንግባ?" ብለው ጠየቁ።

"ደግነት ይህ ከሆነ" አለ ሙሐዲን ሱሪውን እየጨመቀ፣ "እኔን በጎን ሣለኝ!"

መርስዔ ቪዲዮውን ለአለቃ አሳያቸው። ሦስት ጊዜ አስደግመው አዩት።

"ሰውዬው ለምን ይሄዳል?" አሉ በመጨረሻ።

"ደሴቱ ለመድረስ ነዋ።"

"ደሴቱ ይምጣለት። ባሕር የሚሻገር ሰው ስንት ጊዜ ሥያለሁ፤ አንዱም ከግድግዳው ላይ ተነቃንቆ አያውቅም። ልጁ ይቁም፣ ባሕሩ ይሂድ።"

ሰውዬውን አቁሞ ከኋላው ያለውን ሥዕል ማንሸራተት የጌም ሠሪዎች የቆየ ዘዴ ነው። መርስዔም ያውቀው ነበር፤ በጣም ቀላል ስለሆነ ንቆት ነው። አሮጌው ኮምፒውተሩም ሳይንተፋተፍ ይሸከመዋል። እዚያው አለቃ ፊት የተወውን ስሪዲ ከኮምፒውተሩ ጨርሶ ደመሰሰ።

አለቃ ከኅዳር ጀምሮ ለጌሙ በወረቀት ፊት ሣሉ፤ ዳኘውን፣ ካህኑን፣ ዓሣ አስጋሪውን፣ ታንኳ ሠሪውን። ክፉዎቹን በአንድ ጠዋት ጨረሷቸው፤ አንድ ዓይን ናቸውና ይፈጥናሉ። "የደሴቷ ፍየልስ ትዙር ወይስ አትዙር?" ተብለው ሲጠየቁ፣ "ፍየል እንደፈለገች" አሉ።

በመጋቢት መጨረሻ የቀረችው ጨው ሻጯ ነበረች። አለቃ አንዱን ዓይኗን ሣሉ። ከዚያ ብሩሹ አየር ላይ ቆመ።

"ሁለተኛው የት ነው?" አሉ።

መርስዔ ወረቀቱን የሚያዩ መስሎት ጠበቀ። አያዩም ነበር። እጃቸውን በቀስታ ይዞ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው።

"እዚህ ነው፣ አለቃ።"

ሣሉት። ዓይኑ ከጓደኛው ሽቅብ ወጣ።

"ተስተካከለ?"

"ተስተካክሏል።"

ብሩሹን አጥበው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ አላነሡትም።

ኮምፒውተር አንድን ዓይን ዝቅ ለማድረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። መርስዔ አላደረገውም። ዛሬ ጌሙ በወደቡ ሰዎች ስልክ ሁሉ ውስጥ አለ። ባለፈው ሳምንት ሙሐዲን ጀልባው እስኪሞላ ሲጫወት ሰማሁት።

"መርስዔ፣ ይቺ ጨው ሻጭ ምን ሆና ነው ባንድ ዓይኗ ሽቅብ የምታይ?"

መርስዔ ከሞተሩ ቀና አላለም።

"ጨው አስጥታ እኮ ነው" አለ። "ዝናብ እንዳይመታባት ደመናውን እያየች ነው።"