የተቆረጠ ሞላ

አባቴ መንዳት ያቆሙት በእኔ ጥፋት ነው። ዕድሜያቸው አይደለም፣ ዓይናቸው አይደለም፣ ሰፈሩ እንደሚያወራው እጃቸው ከድቷቸውም አይደለም። እኔ ነኝ። ነገሩ የጀመረው ደግሞ ለመናገር በሚያሳፍር ምክንያት ነው፤ ቪትዝ ትበልጣለች ወይስ ስዊፍት በሚል ክርክር።

የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ነው። ምሳ የምንበላባት ቤት በረንዳ ላይ ሲቀመጡ የሠራተኞች መኪና ማቆሚያው ይታያል፤ እኔም እዚያ ቁጭ ብዬ የሰው መኪና መተቸት እወዳለሁ። ሴት ስለ ሞተር ስታወራ የሚደነግጡ ወንዶች አሉ። እነሱን ማናደድ ከምሳው በላይ ያጠግበኛል። ደግሞ ያለ ምክንያት አላወራም፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ከወሎ መጥተው ጎሮ ላይ ቤት የሠሩትም፣ እኛን ያስተማሩትም በዚያው መሪ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳይነኩ፣ አጥር ሳይገጩ ጡረታ ወጡ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚሉትን ቃላት እኔ የሰማሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነጭ ስዊፍት ነበረችው። ስፖርት የምትባለው ዓይነት፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ የተቀየረ፣ ሲያስነሳት የጥበቃው ውሻ የሚጮኽባት። እኔ የራሴ መኪና አልነበረኝም፤ የምከራከረው በአባቴ ቪትዝ ነበር። አባቴ ጡረታ ሲወጡ እሷን የመረጧት ማርሿ በእጅ ስለሚቀየር ብቻ ነው። "ማርሽ የማይቀየርበት መኪና አልጋ ነው" ይላሉ። ከኋላዋ የተለጠፉት ሁለት ፊደላት እሷም የስፖርት ዘር መሆኗን እንደሚናገሩ፣ ሞተሯም ከተራዋ ቪትዝ እንደሚበልጥ አያውቁም ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ዳገት ላይ እንደማትለምን ነው።

"ሲስተር፣ ቪትዝ እኮ የገበያ ዘንቢል ናት" አለኝ ባልደረባዬ አንድ ቀን። "ኩርባ ላይ እንዴት እንደምታጋድል አይተሻል? ሽንኩርቱ ይፈሳል።"

"ያንተዋ ደግሞ ጩኸት ብቻ ናት" አልኩት። "ማርሚታዋን ብታወልቀው የሚቀርህ የልብስ ስፌት መኪና ነው።"

ቀልዱ ቀልድ ነው፣ ክርክሩ ግን የምር ነበር። ሐቁን ለመናገር ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ስዊፍት ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ እግሯ ጠንካራ ነው። መሪዋን ገና ነካ ሲያደርጉት ትታዘዛለች፤ ሞተሯም ዙሩ ከፍ ባለ ቁጥር እየጣመው ይሄዳል። ቪትዝ ግን ቀላል ናት፣ ከቆመችበት ስትነሳ ትቀድማለች። ማሻሻል ለሚወድ ሰው ደግሞ ብልጫው የእሷ ነው፦ የስዊፍትን መንገጫገጭ የሚያበርድ የስፖርት አሞርዛተር ከውጭ አስመጥተው ወር ሙሉ ይጠብቃሉ፤ የቪትዝን መርካቶ ወርደው በግማሽ ቀን ይዘው ይመለሳሉ። ስዊፍት ተጠናቅቃ የመጣች ናት፤ ቪትዝ ገና ብዙ የሚሠራባት ናት። አንድ ጉድለት አለባት፤ ቁመቷ። ያን ቁመት ይዛ ኩርባ ስትገባ ታጋድላለች።

"ዝቅ ብትል እኮ ከኋላዋ ያሉትን ሁለት ፊደላት ብቻ ነው የምታነበው" አልኩት።

"አፍ ብቻ! ዝቅ አድርጊያትና እንያት።"

አፍ ብቻ ሲሉኝ አልወድም። እንዲህ ያለኝ ሰው ካለ፣ ነገሩን ሳላሳየው እንቅልፍ አይወስደኝም። ክፉ ጠባይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ ለዘመድ ለቅሶ ወደ ወሎ ሄዱ። ሦስት ሳምንት ሊቆዩ ነው። ቁልፉን ሲሰጡኝ "አልፎ አልፎ አስነሺልኝ፣ ባትሪዋ እንዳይሞት" አሉኝ። ያሉኝ ይህንን ብቻ ነው።

እኔ በማግሥቱ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አራቱንም ሞላ አወጣና ከእያንዳንዱ አንድ ተኩል ዙር በግራይንደር ቆረጠው። መኪና በደንብ ዝቅ የሚደረገው ለዚያ የተሠራ አጭርና ጠንካራ ሞላ ከነአሞርዛተሩ ሲገባለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ሰው ቢጠይቀኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳለሁ። ግን ትዕግሥት የለኝም፤ ቆርጦ ማስገባት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ብልጭታው ሲፈናጠር ቆሜ ፎቶ አነሳሁ።

እሑድ ጠዋት ከጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ላይ ከባልደረባዬ ጋር ተገናኘን። እሽቅድምድም አላደረግንም፣ ያን ያህል አላበድንም። መኪና ተለዋወጥን። የእሱን ስዊፍት ይዤ ወጣሁ፤ እውነትም ጥሩ መኪና ናት፣ አልነገርኩትም እንጂ። እሱ የአባቴን ቪትዝ ይዞ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ "እሺ፣ ዘንቢል አይደለችም" አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ደስ ያሉኝ ነገሮች አሉ፤ በዚያች ጠዋት በተሰማኝ ደስታ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አባቴ ሊመለሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ወደ መካኒኩ ተመለስኩ። የተቆረጠ ሞላ አይቀጠልም። መርካቶ ወርዶ ሙሉ ሞላ መፈለግ ነበረብኝ፤ "በግማሽ ቀን ይገኛል" እያልኩ ስፎክር የነበርኩት እኔው ነኝ። ሳምንቱ ግን የሥራ ሳምንት ነበር፣ ፈረቃዬም አልመች አለኝ። መካኒኩ የተለመደውን ዘዴ አመጣ። በከተማችን ጉድጓድና ጉብታ የሚፈራ ሁሉ በሞላው ዙሮች መካከል ወፍራም ጎማ አስገብቶ መኪናውን ከፍ ያደርጋል። የእኔው ጎማ የሚገባው ግን በተቆረጠ ሞላ ላይ ነው፤ በደንብ አይቀመጥም። መካኒኩ አልደበቀኝም። "ለጊዜው ነው፣ ሞላውን ቶሎ ቀይሪ" አለኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት" አልኩት። ከቸርኬው እስከ ጭቃ መከላከያው በስንዝሬ ለካሁት፤ ቁመቷ ልክ እንደ ድሮው ሆኗል።

አባቴ በመጡ ማግሥት ጠዋት ቪትዟን እስከ አስፋልቱ ነድተው ተመለሱ። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ።

"መኪናዋ አንድ ነገር ሆናለች" አሉኝ። "ከኋላ ትዘላለች። መሪዋም ይቅበዘበዛል።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ቢበዛ ይቆጡኝ ነበር፣ ለሁለት ቀን ያኮርፉኝ ነበር። እኔ ግን "መኪናዋ ያው ናት አባባ" አልኳቸው። "ሦስት ሳምንት ስላልነዷት ነው። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተንገላተው መጥተው፣ ሰውነትዎ ደክሞ ነው።"

እጃቸውን አዩ። ግራና ቀኝ አገላብጠው አዩት። "ይሆናል" አሉ።

ያ ሁሉ ዘመን በእጃቸው ያመኑትን ሰው፣ እጃቸውን እንዲጠራጠሩ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ከሞላው ይልቅ የቆረጥኩት በእጃቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ነው። "የሚቀጥለው ሳምንት" ደግሞ መጣና ሄደ፣ ሌላውም መጣና ሄደ።

አባቴ ጁምዓ ጁምዓ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን፣ ሁለቱም እንደ እሳቸው ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጭነው መስጊድ ይሄዱ ነበር። ከጡረታ በኋላ የቀረቻቸው የሹፌርነት ክብር ይህች ናት። ሽማግሌዎቹም "የእኛ ሹፌር" ነው የሚሏቸው። በሦስተኛው ጁምዓ ከስግደት ሲመለሱ፣ ሰፈራችን አጠገብ ያለው ቁልቁለት ኩርባ ላይ በኋላ ግራ እግሯ ሞላ መካከል ያስገባነው ጎማ ሾልኮ ወጣ። መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዝቅ ብላ ከመንገዱ ወጣችና የአንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ ወጣች። ሻጯ ዞር ብላ ከጎረቤት ሱቅ ጋር ታወራ ነበር። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ።

ተደውሎልኝ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አባቴ በነጭ ጀለቢያቸው ተንበርክከው ብርቱካን ይለቅማሉ፤ አንድ በአንድ፣ እየጠረጉ። እኔን ሲያዩ ቀና አሉ።

"ከእጄ ወጣች" አሉኝ። "መሪውን ይዤው ነበር እኮ። ከእጄ ወጣች።"

ከሞላው የሾለከውን ጎማ ያየሁት እሳቸውን ላነሳ ጎንበስ ስል ነው። ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ወድቋል። አነሳሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላየኝም። በማግሥቱ ሥራ ቦታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት፤ ፎቶዎቹንም ከስልኬ አጠፋሁ። ሌባ እንደዚህ ነው የሚሆነው።

በዚያው ቅዳሜ ማታ ታላቅ ወንድሜ ከቦሌ ቡልቡላ መጣ። የሚኖረው እዚያ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ስለ መኪና ምንም አያውቅም፣ ክፉ ሰው ግን አይደለም። ለስለስ አድርጎ ነው የተናገረው። "አባባ፣ ዕድሜ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዛሬ ብርቱካን ነው፣ ነገ ሰው ቢሆንስ? ይበቃዎታል።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ከዚህ ቤት መኪና የምታውቂው አንቺ ነሽ" አሉኝ። "መኪናዋ ነች ወይስ እኔ ነኝ?"

ጥያቄው ይኸው ነበር። እንዲህ በግልጽ ተጠይቄ አላውቅም። ወንድሜ አጠገቤ ነው፤ "ሽማግሌ ልትገድይ ነበር" ሲለኝ አስቀድሜ በልቤ ሰማሁት።

"መኪናዋ ደህና ናት አባባ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። "እንግዲያው አንቺ ያዣት፤ ትወጃታለሽ" አሉ።

ሰኞ ዕለት መርካቶ ወርጄ አራት ሙሉ ሞላ ገዛሁ። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ሥራ የምሄደው በእሷ ነው። ባልደረባዬ "ኮንግራ! የራስሽ ሆነች" ብሎ ምሳ ጋበዘኝ። አባቴ ከዚያ በኋላ ጁምዓ ጁምዓ ከሁለቱ ጓደኞቻቸው ጋር ታክሲ ይጠብቃሉ። ሚኒባሱ ሲመጣ ወጣቶች እየተጋፉ ይቀድሟቸዋል። መንጃ ፈቃዳቸው የሚታደስበት ቀን ሲደርስ አስታወስኳቸው፤ "ለምኔ?" አሉኝ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላ፤ ባልደረባዬም ስዊፍቷን ሸጦ ድምፅ የሌላት መኪና ገዛ። ዛሬ በረንዳው ላይ የሚወራው ስለ ባትሪ ነው። ቪትዝና ስዊፍት ለሚሉት ነገር ጆሮ የሚሰጥ ሰው የለም። አባቴን መሪያቸውን ያሳጣሁበት ክርክር እንዲህ ሆኖ ቀረ።

በቀደም አንድ እሑድ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ሳጥብ፣ አባቴ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። ስፖንጁን ጣልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክርክሩን፣ ግራይንደሩን፣ ጎማውን፣ ከመንገዱ ጠርዝ አንስቼ መደበቄን። ስጨርስ ተነሱ፤ በጉልበታቸው በርከክ ብለው እጃቸውን ከኋላው ቸርኬ በላይ አስገብተው ሞላውን ዙር በዙር ዳሰሱት።

"ይኸው፣ ሙሉ ነው" አሉ።

"አዲስ አስገብቼ ነው አባባ።"

"ሾልኮ የወጣው ጎማስ?"

"ጣልኩት። ፎቶም ነበረኝ፣ አጠፋሁት። መካኒኩ ግን አለ፣ አሁኑኑ ልደውልልዎት።"

ስልኬን ሳወጣ እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ። ፈገግ ብለዋል። "ምስክር የሚጠራው ፍርድ ቤት ነው" አሉ። "ገብቶኛል ልጄ። አርጅቻለሁ፤ ካመንኩት ቆየሁ። ለእኔ ብለሽ በራስሽ ላይ አትዋሺ።"

"እውነቴን ነው!" ብዬ ጮህኩ። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። "ወላሂ እውነቴን ነው!"

"ተይ፣ አትማይ" አሉኝ ቀስ ብለው። "እውነት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ስጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። ልጄን አላውቃትም እንዴ?"

በሚቀጥለው ጁምዓ የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ሦስቱንም ሽማግሌዎች እኔ ወሰድኳቸው። አባቴ ከአጠገቤ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ለጓደኞቻቸው ያወራሉ። ልጃቸው እሳቸውን ለማጽናናት ብላ ጥፋቱን በራሷ ላይ እንዴት እንዳደረገች፣ ታሪክ ፈጥራ፣ እንባ ጨምራ፣ መማሏም ሳይቀር ይነግሯቸዋል። ሽማግሌዎቹ "አጂብ!" አሉ። መስጊዱ በር ላይ ስቆም አልወረዱም። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ አሉ። እኔም መሪውን እንደያዝኩ አሚን አልኩ።