የዘለልኳት መስመር

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ክብደቴን ካየ በኋላ የምበላውንና የማልበላውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። መነጽሬን ቤት ረስቼው ስለነበር ታክሲ ውስጥ ልጄ አነበበችልኝ፤ አንድም ነገር ሳታስቀር። ስኳር የሚለው ጋ ስትደርስ እንባዬ መጣ። «እማዬ፣ ስኳር ስለተከለከልሽ ነው እንዴ የምታለቅሺው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት በልጅነቴ የተማርኩባት ከተማ ሞላሌ ነበርኩ፣ እቴቴ ሱቅ ውስጥ።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። መንደራችን ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና አምስተኛ ስገባ እናቴ እሷ ዘንድ ላከችኝ። እቴቴ አልወለደችም፤ ባሏ ሲሞትባት ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍታ ትኖር ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። በፊት ቀበሌ ተሰልፈው በመከራ የሚያገኙት ስኳር አሁን በጆንያ ሙሉ እሷ ሱቅ ተቀምጧል። እኛ አገር ቤት የምናውቀው ገብስ ነው፦ ጠዋት ቆሎ፣ ቀን የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ፣ መንገድ ሲወጣ በሶ። እቴቴ ቤት ግን በየማለዳው ነጭ ዳቦና ሻይ ነበር፤ ሻዩ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር። ብርጭቆው ሥር የቀረውን በጣቴ እየጠረግሁ የምልሰው ስኳር እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ።

እቴቴ አገር ቤት ሳለች ቀጭን ነበረች አሉ። ሱቅ ውስጥ መዋል ከጀመረች ወዲህ ግን እየወፈረች ሄደች። በገበያ ቀን የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ገና ከደጅ «ተመስገን፣ እንዴት ተመችቶሻል!» ይላታል፤ እሷም ነጠላዋን አስተካክላ በደስታ ትስቃለች። በእኛ ዘንድ ያኔ ውፍረት የድሎት ምልክት ነበር፤ የሚታዘንለት የከሳ ሰው ነው። እናቴ በሶ ስትልክልን እቴቴ ደንበኛ እንዳያየው ከመደርደሪያው ጀርባ ትደብቀዋለች። እኔም አብሬያት አፍር ነበር። በምን እንዳፈርን ሳስበው አሁን በራሴ እናደዳለሁ።

አንድ ክረምት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ ሦስት አራት ጊዜ ማረፍ ጀመረች። ጤና ጣቢያ ሄድን። ወረፋው ብዙ ነበር። ነርሷ መዘነቻትና «ክብደትዎ በዝቷል፣ አመጋገብዎን ማስተካከል አለብዎት። ሁሉንም እዚህ ጽፌዋለሁ። የሚያነብልዎት ሰው አለ?» አለቻት።

«ይቺ ልጄ! አንደኛ ናት እኮ የምትወጣው!» አለች እቴቴ ትከሻዬን አቅፋ። ልጄ ስትለኝ ያ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ሱቅ እንደተመለስን የስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና «በይ ቀስ እያልሽ አንብቢልኝ» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ አምስት መስመር አለ። ቅቤና ጨው ይቀንሱ። ጎመን ያዘውትሩ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። አራተኛዋ መስመር «ስኳርና ነጭ ዳቦ ይተዉ» ትላለች። ዓይኔ ቀድሞ አይቷታል። ስኳሩ ከቀረ የእኔም የጠዋት ሻይ ይቀራል ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። እሷን ዘልዬ አምስተኛዋን አነበብኩላት፦ «የገብስ ምግብ ይብሉ።»

«ወይ ገብስ! ሸሽቼው ብመጣ እዚህ ድረስ ተከተለኝ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ወረቀቱን ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ በሊጥ ለጠፈችው፤ ቀርቦ የሚያነበው ደንበኛ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያነበብኩላትን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጸመች። በዓል ሲመጣ እንኳ ቅቤ አልነካ አለች። በየማለዳው ሱቅ ሳትከፍት ከተማውን ዞራ ትመጣለች። የደበቀችውን በሶ አወጣችና በስኳር እየበጠበጠች ትጠጣው ጀመር። ሻይዋን ስታማስል ደግሞ «ስኳር እንኳ አልከለከሉኝም፣ ተመስገን» ትላለች። እኔ ብርጭቆዬ ላይ አቀረቅራለሁ። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ! መጀመሪያ ለሻዩ ሳስቼ ነበር፤ በኋላ ግን ውሸቴ እንዳይታወቅ ፈርቼ።

በሁለተኛው ዓመት አዲስ ጫማ የእግሯን ጣት ላጠው። ትንሽ ቁስል ነበረች፤ ግን አልድን አለች፣ ጠቆረች። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ያቺው ነርስ አገኘችን። ደሟን አስመረመረችና የስኳር በሽታ እንደሆነ ስታይ ደንግጣ «ስኳር ይተዉ ብዬ ጽፌልዎት አልነበረም? አልተነበበልዎትም እንዴ?» አለቻት።

እቴቴ ዞር ብላ አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ወደ ነርሷ ተመለሰችና «ተነብቦልኛል፤ እኔው ነኝ ያልሰማሁ» አለች። ነርሷ ብዙ ተቆጣቻት። እቴቴ ለእኔ የሚገባውን ቁጣ በእኔ ፈንታ አቀርቅራ ተቀበለች።

ሪፈር ተጽፎላት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄዳ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ከተመለሰች በኋላ ስለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አላነሳችብኝም። በየማለዳው ሻይ ታፈላለች፤ የራሷን ያለ ስኳር፣ የእኔን እንደ ድሮው። አልፈልግም ስላት «ጠጪ፣ አንቺ ልጅ ነሽ» ትለኛለች። ሻዩን እጠጣለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ሞተች፤ ይቅርታ ሳልጠይቃት።

ዛሬ እቴቴ ከደንበኛ የደበቀችው በሶ በሚያምር ላስቲክ ታሽጎ ሱፐርማርኬት ይሸጣል፤ ተወዷልም። ልጄ የትኛው ምግብ ለምን እንደሚጠቅም በትምህርት ቤት ተምራ ለእኔ ታስረዳኛለች። እኔም ያኔ ማንበብ እችል ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው።

ታክሲው ሰፈራችን ሊደርስ ሲል ልጄ ወረቀቱን ልታጥፈው ጀመረች። እጇን ያዝኩና «ስለ ስኳር የሚለውን መስመር ድገሚልኝ» አልኳት።

ደገመችልኝ።