ጋሽ ደምሴ ያልፈቱት ካቴና

ዛሬ አዲሱ ገበያ አንድ ሻጭ ከሱቁ ደጃፍ ሰንሰለት ሲጥል ድምፁ አስደነገጠኝ። ወዲያው ጋሽ ደምሴ ትዝ አሉኝ። በደርግ ጊዜ እዚሁ ሜዳ ላይ እጅ እግራቸውን በሰንሰለት አስጠፍረው፣ ሕዝብ እያያቸው በመፍታት ጉለሌ ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ።

አንድ እሑድ ከአባቴ ጋር ከፊት ቆመን ስናይ፣ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ መጣና ካቴና አወጣ።

«እስቲ ይሄን ፍታ» አላቸው። «ከፈታህ ግን ማን እንዳስተማረህ ቀበሌ ሄደህ ታስረዳለህ።»

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ሰጡ። ፊታቸው በላብ ተጠመቀ። ጥቂት ቆይቶ፣ ጠባቂው ወደ ሕዝቡ ዞር ባለበት፣ ካቴናው ቀስ ብሎ ቀጭ አለና ባንድ በኩል ተከፈተ። «ፈቱት!» ብዬ ልጮህ ስል አባቴ አፌን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ያዘው። ጋሽ ደምሴ አዩኝ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ተጭነው መልሰው ቆለፉት።

«አልቻልኩም ጌታዬ፤ ይሄስ ከአቅሜ በላይ ነው።»

ጠባቂው እየሳቀ በቁልፉ ፈታላቸው።

ቤት ስንገባ አባቴ እናቴን «ደምሴ ዛሬ ገና አመለጠ» አላት።

«ኧረ አላመለጡም! ከፍተው መልሰው ቆለፉት!» አልኩ።

አባቴ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘኝ። «ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለጓደኛሽም ቢሆን።»

ጋሽ ደምሴ ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት አልታሰሩም። ዊንጌት አካባቢ ጎሚስታ ሲሠሩ ኖረው፣ ሸብተው፣ በአልጋቸው ላይ አረፉ። ለቅሷቸው ላይ ሰው ሁሉ ስላቃታቸው ካቴና ሲያወራ እኔ ዝም አልኩ። ለሰው ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።