ያልነካሁት ጥብስ

ሲይዙኝ ሥጋዬ መጥበሻ ላይ ነበር። ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር፣ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ቃሪያውን ሰንጥቄ፣ ከቅርጫ የደረሰኝን ሥጋ ገና ጣል ማድረጌ ነው። እኔ ሥጋ ስወድ ለጉድ ነው። ያንን ደግሞ ወራት ጠብቄው ነበር። ካርቱም ያለን ክርስቲያን ሐበሾች ከገበያ ሥጋ ገዝተን አንበላም፤ እርዱ የሙስሊም ነው። በዓል ሲደርስ ተሰባስበን በሬ እንገዛለን፣ ከእኛው አንዱ «በስመ አብ» ብሎ ያርደዋል፣ መደብ መደባችንን ይዘን ወደየቤታችን እንገባለን። ሙስሊሞቹ ወገኖቻችንም የእኛን እርድ አይነኩም። አገር ቤትም እንዲሁ ነው፤ ድንበር ስንሻገር ልማዱን ይዘነው ተሻገርን።

በሩን ገፍተው የገቡት ሰዎች መለዮ አልለበሱም። «ያላ፣ ያ ሐበሺያ» አሉኝ፤ ተነሺ፣ አንቺ ሐበሻ ማለታቸው ነው። እሳቱን ላጥፋ ብዬ ዘወር ስል አንደኛው ቀድሞኝ አጠፋው። እጄን ልታጠብ ብላቸውም አልጠበቁኝም፣ ሽንኩርት እንደሸተትኩ መኪና ላይ ወጣሁ። ሰው ሲታሰር ስለ ነፍሱ ያስባል ይባላል። እኔ ግን ያንን ሥጋ ማን ይበላው ይሆን እያልኩ ነበር የሄድኩት። አይ ሆድ!

ለምን እንደያዙኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ዐማራት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከቢሮዎቹ መሀል፣ አንድ ዛፍ ሥር ሻይ እሸጥ ነበር። ሰልፉ በየጊዜው የሚወጣበት ሰሞን ነው። አንዲት ሱዳናዊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ቀን በጥርት ያለ አማርኛ «እህቴ፣ ሻይ ስጪኝ» ብላ አስደነገጠችኝ። ካፉሪ ሰፈር፣ ቤታቸው በምትሠራ ሐበሻ እጅ ነው ያደገችው፣ አማርኛውንም ማድ ቤት ነው የለመደችው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛዬ ሆነች። ኋላም ለሰልፍ የሚጠሩ ወረቀቶች እንዳስቀምጥላት ለመነችኝና ስኳር ጣሳዬ ሥር ከተትኩላት። ፖሊሶቹ ማንቆርቆሪያዬን ስንቴ በእግራቸው ገልብጠውት ያውቃሉ። ልጆቹ የሚጮኹት ለእኔም ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ።

ወረቀቱ ተገኘ፣ እኔም ተያዝኩ።

ያሰሩኝ ክፍል በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ሆኖ የአንድ ጡብ ያህል ሰማይ ያሳያል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠችው ያቺው ተማሪ መሆኗን አወቅሁ። አየችኝና አንገቷን ደፋች። ከጎኗ አንዲት ጠና ያሉ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ ሴትዮ ተቀምጠዋል። አሳዳጊዋ ናቸው፣ የወሎ ሙስሊም። እሳቸውን የፈለጋቸው ማንም አልነበረም። ልጅቷን ከቤት ሲወስዷት ወገቧን አቅፈው አልለቅም ስላሉ አብረው ጭነዋቸው ነው። «እጄን ማላቀቅ አቃታቸው» ብለው ነገሩኝ፣ ልክ ገበያ ውለው እንደመጡ ሁሉ።

ቀትር ላይ ምሳ መጣ። ለሦስታችን አንድ ትሪ፣ ዳቦና የሥጋ ወጥ። ሱዳኖች ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት፤ እስር ቤትም ያው ነው። ሁለቱ እጃቸውን ሰደዱ። እኔ ደረቅ ዳቦዬን ይዤ ጥግ ገባሁ። ጠረኑ ይጠራኛል፣ ግን አልችልም። ኩራትም አይደለም፣ ጥላቻም አይደለም፤ እጄ አይሄድም፣ በቃ።

ሴትዮዋ የያዙትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት።

«ክርስቲያን ነሽ፣ የኔ እህት?»

«አዎ፣ እትዬ። እናንተ ብሉ፣ ለእኔ ዳቦው ይበቃኛል።»

«ወላሂ አይሆንም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። እዚህ ቤት እስካለን እጃችን የሚገናኝበትን ነው የምንበላው።»

ልጅቷ ግራ ገባት። ሴትዮዋ በዐረብኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ ነገሯት፤ የእኛን እነሱ እንደማይበሉ፣ የእነሱን እኛ እንደማንበላ። በጉስ ያው አንድ በግ አይደለም ወይ ብላ ሳቀች። ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው አሉኝ ሴትዮዋ። ከዚያ ትሪውን በእግሯ ወደ በሩ ገፋችውና ለጠባቂዋ ፉል ወይ ምስር እንድታመጣልን ነገረቻት፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ሥጋ አይበላም ብላ። አሳሪዋን ምሳ የምታዝ እስረኛ ያን ቀን ነው ያየሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ሰሞን ከባድ ነበር። ራሴን ያመኛል፣ አንጀቴ ይጮሃል፣ በሕልሜ ካላክላ ገብቼ መጥበሻዬን እከፍታለሁ። ፉል ደግሞ ለእኔ እስከዚያ ድረስ የድሃ ቁርስ ነበር። ሴትዮዋ ግን እጃቸው ባለሙያ ነው። ባቄላውን በኩባያ ቂጥ እየደፈጠጡ፣ ጠባቂዋን በምርቃት አባብለው ያገኙትን ሽንኩርትና ቅጠል እየበጠሱ፣ ጨው ነስንሰው ያቀርቡታል። እየዋለ እያደረ ሆዴ ቀለለኝ። ምሳ ከበላሁ በኋላ የሚጫነኝ እንቅልፍ ጠፋ፤ እንዲያውም ኮቴ ስሰማ ፉሉ መጣ ብዬ መቁነጥነጥ ጀመርኩ። እኔ! አጥንት ስግጥ ሰው የሚስቅብኝ ሴትዮ! በልቶ ለመጥገብ ሥጋ የግድ አለመሆኑን በዚያ ዕድሜዬ እስር ቤት ገብቼ ተማርኩት።

እኛ እንግዲህ ተስማምተን ምሳችንን መብላታችን ነበር። ጉድ የፈላው በእነሱ በኩል ነው። የሚመለሰውን ሥጋ ሲያዩ የረሀብ አድማ ጀመሩ ብለው ደመደሙ። ጠባቂዋ በሩ ላይ ቆማ «ኢድራብ ነው?» ብላ ጠየቀችን፤ አድማ ማለቷ ነው። ልጅቷ አዎም አይደለምም ሳትል ፉሏን በዳቦ ጠቀሰች። በማግስቱ ከጎን ያሉት ክፍሎች ወሬውን ሰሙ። ለምን እንደሆነ ሳያውቁ እነሱም ሥጋቸውን መመለስ ጀመሩ። ኮሪደሩ ሙሉ ትሪ በየበሩ ተደርድሮ ስናይ ሴትዮዋ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። «እኛ ለአንቺ ብለን፣ አገሩ ለእኛ ብሎ» አሉኝ።

እየጠራ የሚመረምረን መኮንን ቆሽቱ አረረ። ከወጡ ቀጥሎ ዶሮ አስላከ፤ መለስነው። ከዶሮው ቀጥሎ በከሰል የተጠበሰ የበግ ጎድን መጣ፣ ስቡ ገና እየተንጣጣ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ምራቄን ዋጥኩ። መለስነው።

ከዚያ እኔን ለብቻዬ አስጠራኝ።

ቢሮው ቀዝቃዛ ነበር። እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸብኝም፣ ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ በክዳን የተሸፈነ ትሪ አለ። ክዳኑን አነሳው። ጥብስ! የእኛው ጥብስ፣ በቅቤ የራሰ፣ የጥብስ ቅጠሉ ከላዩ ላይ፣ ከጎኑ ደግሞ ለብቻው በሳህን የተጠቀለለ እንጀራ። ከሐበሻ ምግብ ቤት ያስመጣው መሆኑን፣ ያረደውም ያበሰለውም ክርስቲያን መሆኑን ረጋ ብሎ ነገረኝ። ሥጋውን የምንመልስበትን ምክንያት የነገረችው በእሱ ቤት የምትሠራ ሌላ ሐበሻ ናት። አሁን ሃይማኖትሽ አይከለክልሽም አለኝ። እውነቱን ነው። ጾም አልነበረም፣ ቀኑም ረቡዕ ወይ ዓርብ አልነበረም። የምደበቅበት አንድ ምክንያት አልተወልኝም።

ቀጥሎ የሚፈልገውን ነገረኝ። ስበላ ወረቀቶቹ የልጅቷ መሆናቸውን አንድ ጊዜ እናገራለሁ፤ እሷ ገብተው ወደማይወጡበት ወደ ሌላው ቦታ ትወሰዳለች፤ እኔ ዛሬውኑ ካላክላ እገባለሁ። እምቢ ካልኩ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይሰረዛል፣ ቅጣቱም የእኔ ይሆናል። ወረቀቱ የእሷ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ውሸት ተናገሪ ያለኝ እንኳ አይደለም። ክፋቱ እሱ ነው።

ጥብሱን አየሁት። ሆዴ ጮኸ፣ እሱም ሰማው፣ ፈገግ አለ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ቤቴን፣ አልጋዬን፣ ዛፌን አሰብኩ። ከዚያ ትሪው ላይ የሚገናኙት እጆቻችን መጡብኝ። ይህን ሥጋ ሴትዮዋ አይበሉትም፤ ልጅቷም አትበላውም። ለእኔ ብለው የተፈቀደላቸውን ሥጋ ስንት ቀን ገፍተው እኔ አንድ ቀን ብቻዬን ልበላ?

«ጀናቡ» አልኩት፤ መኮንን የሚጠራው እንዲህ ነው። «እኔ ብቻዬን የምበላው ሥጋ የለኝም።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱ የተገኘው ከስኳር ጣሳ ሥር ነው። ጣሳው የእኔ ነው።»

ያልኩት ገብቶኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ገብቶኛል አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። ክዳኑን አንስቼ ጥብሱን ራሴ መልሼ ከደንኩት። ልወጣ ስነሳ ዓይኔ ሳህኑ ላይ አረፈ። የተጠቀለለውን እንጀራ አነሳሁና «ይሄን ግን እወስዳለሁ። ይሄ ለሁላችንም ይሆናል» አልኩት።

በእጁ ውጪ አለኝ።

በሩ ሲከፈት እንጀራውን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ልጅቷ አየችው፣ ከየት እንደመጣ አላጣችውም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዲህ ብላ ስትዞር ያመመኝን ያህል መርማሪው ሲጮህብኝ አላመመኝም። ሴትዮዋ ግን ቀስ ብለው ተነሱ፣ ቀኝ እጄን ያዙና ጣቶቼን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ጥብስ የነካ እጅ ቢታጠብም ጠረኑ እስከ ማታ አይለቅም፤ ይህንን የማታውቅ ሐበሻ የለችም። አንድ ባንድ አሸተቷቸው። ልጅቷ ዞራ ታያለች።

«እጇ ንጹሕ ነው» አሏት በዐረብኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

የተባባልነውን ነገርኳቸው። ልጅቷ «ወረቀቱ የእኔ ነው ብዬ እናገራለሁ» ብላ ወደ በሩ ተንደረደረች፤ ሴትዮዋ እንደ ልማዳቸው ወገቧን ያዟት። እንዳይለቋት አልኳቸው። ፉሉ መጣ። እንጀራውን ዘርግተን ፉሉን መሀሉ ላይ ገለበጥነው። ሦስት እጅ ገባ። ሠርግ ላይ በልቼ አውቃለሁ፣ ቅርጫ ላይ ጠግቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ምግብ ጣፍጦኝ አያውቅም። ሴትዮዋ አጎረሱኝ፣ ልጅቷ አጎረሰችኝ፣ እኔም አጎረስኳቸው። ድል ማለት ይህ ነው ብዬ በሆዴ አልኩ፤ ደግሞም ነበር።

መኮንኑ ከዚያ ወዲያ ሥጋ አልላከም። የዛተውም ሳይደርስ ቀረ፤ ውጪ ያለው የሰልፈኛ ጩኸት በርትቶ ነበርና አንድ ጠዋት በሮቹ ተከፈቱ። ኮሪደሩ በሙሉ ወጣ። ልጅቷም ወጣች፣ በሁለት እግሯ። ደጅ የተሰበሰበው ሰው እልል ሲል ሴትዮዋ ከሁሉም በላይ ድምፃቸውን ለቀው የወሎ እልልታ አሰሙበት።

ኋላ ካርቱም ላይ የተነሳው ጦርነት በታተነን። ልጅቷ ካይሮ ናት፤ ሴትዮዋ አገራቸው ገብተዋል። እኔ ተሰድጄ ተመልሼ ካላክላ ነኝ። አሁን ምሳ ነው የምሸጠው፤ ፉል፣ ምስር፣ ጎመን። ሥጋ የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሱዳኑም ከአንድ ትሪ ይቀርባል፣ የማን እርድ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲስ ሰው ሲመጣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ ይለኛል። አይደለም፣ ግባና ብላ እለዋለሁ። በዓል ሲደርስ ለቅርጫ ይጠሩኛል፤ መደቤን ለጎረቤት ሰጥቼ እመለሳለሁ። ጠረኑን አሁንም እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን አያሸንፈኝም።

ሴትዮዋ አልፎ አልፎ ይደውላሉ። ሰላምታው ሳያልቅ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አላቸው።

«እጅሽ ምን ይሸታል?»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ጣቶቼን አሸታለሁ፤ መልሱን እያወቅሁት እንኳ አሸታለሁ።

«ሽንኩርት፣ እትዬ። ሽንኩርት ብቻ።»