ካንሰርን በእድር ጡሩንባ የጠራን ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ካንሰር የሚል በትልቁ የተጻፈበት፣ ጉልበቴ የሚደርስ ቲሸርት፣ የመመዝገቢያ ቅጽና ቁጣ ተሰጠኝ። የተቆጡኝ አስተባባሪያችን ጋሽ ግርማቸው ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ የት ሄደ? በዚህ ድምፅ ነው የሀና ማርያም ሰፈርን ሰው የምትቀሰቅሺው?"

ያኔም ዓይን አፋር ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር እንዲመረመሩ መንገር ነበር።

በዚያው ሳምንት እትዬ ብርቄ ቤት ገባሁ። ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ከሳፋው ቀና ሳይሉ አዳመጡኝ።

"ያለ ጊዜው ደም የሚፈሳትስ ትታያለች?"

"ማን ናት እትዬ?"

"አንዲት ጎረቤቴ።"

የጎረቤታቸውን ስም አልጠየቅኩም። "በቶሎ መታየት አለባት። እርስዎም አብረዋት ይምጡ" አልኩ።

"ሰው ካላየን እሺ።"

ጋሽ ግርማቸው ግን ሰው የሚያየው ነገር ነበር የፈለጉት። ምርመራው እድሩ ግቢ፣ ድንኳን ውስጥ ሆነ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ስለሚመጡ ከድንኳኑ የሚበልጥ ባነር አሠሩ።

"የእድሩን ጡሩንባ ነፊ ጠርቻለሁ። እሱ ነፍቶ የሚቀር ሰው የለም" አሉን።

"ጋሼ፣ ጡሩንባው እኮ..."

"ጮክ በይ፣ አይሰማም!"

ጮክ ማለት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጡሩንባው ተነፋ። እውነትም የቀረ ሰው የለም። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። አንዲት አሮጊት ከበሩ ጀምረው ማልቀስ ያዙ። "እኔን! ማነው የሞተው?"

ጋሽ ግርማቸው ማይክ አነሡ። "ማንም አልሞተም! የማህፀን በር ካንሰር ነው!"

የእድሩ ዳኛ የያዙትን ወንበር ዱብ አደረጉት። "ሰው ሳይሞት ነው የጠራኸን?"

"ሳይሞት ነው እንጂ የሚመረመረው!"

"ምን ያሟርታል ይሄ ሰውዬ!" አሉ አሮጊቷ እንባቸውን እየጠረጉ። ሕዝቡ እያጉረመረመ ተበተነ። ከእንግዶቹ ጋር የመጣው ፎቶ አንሺ ግን ቀድሞ አንስቶ ስለነበር ሪፖርቱ "ነዋሪው በነቂስ ወጥቷል" ይላል። እስከዚያ ሰዓት ግን የተመረመረ አንድም ሰው አልነበረም። ነርሷ ሲስተር አልማዝ ለምርመራ የማህፀን በር ላይ የምትቀባውን ኮምጣጤ እያየች "ሰላጣ ልሥራበት?" አለችኝ።

ከሚሄዱት መካከል እትዬ ብርቄን አየኋቸው። ሮጬ እጃቸውን ያዝኩና ጆሯቸው ሥር "እትዬ፣ አሁን እኮ ሰው የለም" አልኩ።

"ያ ባለማይክስ?"

"ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ እየተነሡ ነው።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ጎረቤቴ እኮ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

በድንኳኑ ጓሮ አስገባኋቸው። ሲስተር አልማዝ አይታ በዚያው ዕለት ሪፈር ጻፈችላቸው። ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." አለ። ሕክምናው ረጅም ነበር፤ ጨርሰው ዳኑ።

ጋሽ ግርማቸው በስብሰባ ላይ ጡሩንባውን አመሰገኑ። እኔ ከዚያ ወዲህ ቲሸርቱን ለብሼ ሰው ቤት አልገባም። ሴት ሕመሟን የምትናገረው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ ለጠየቃት ሰው ነው።