የወለተ ሐና ቢጫ ጣሳ

ሰቆጣ ውስጥ ጠላ ቤት ማግኘት ቀላል ነበር። ጠላ የጠመቀች ሴት ደጇ ላይ ረጅም እንጨት ታቆምና ጫፉ ላይ ጣሳ ትደፋበታለች፤ ጠላው ሲያልቅ ታወርደዋለች። ገበያተኛ ማንንም ሳይጠይቅ ቀና ብሎ አይቶ ይገባል። የጎረቤታችን የወለተ ሐና ጣሳ ደግሞ ቢጫ የዘይት ጣሳ ነው፤ እንጨቱም ከሰፈሩ ሁሉ ይረዝማል። እኛ እስላሞች ነን፣ ጠላ አንቀምስም። ሆኖም አባቴ ኢድሪስ ሱቁን ለባላገር ሲጠቁም «ከቢጫው ጣሳ ቀጥሎ» ይል ነበር። ሸሁ ቢሰሙት ምን እንደሚሉት አላህ ይወቅ!

ጣሳውን የሰቀለላት አንድ ልጇ አስማረ ነው። ከጨው ነጋዴዎች ጋር መቀሌ ሄዶ በዚያው ቀረ። ኋላ አከራይዋ አስወጣትና እኛ ሰፈር መጣች። ከዕቃዋ ሁሉ አስቀድማ የተከለችው ያንን እንጨት ነው።

«አስማረ ይህን ቤት አያውቀውም፤ ጣሳውን ግን ያውቀዋል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አላወረደችውም። ጠላው ያልቃል፣ ጣሳው እዚያው ነው። ደንበኛ ይገባል፣ ባዶ ጋን አይቶ እየተራገመ ይወጣል። እኔም ተናደድኩ።

«ሲያልቅ አውርጂው እንጂ! ደንበኛ እኮ እያባረርሽ ነው።»

«ያወረድኩ ዕለት ቢመጣስ፣ ሐሊሜ?»

ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ማውረድ ይቸግራል። ደንበኞቿ ቀስ በቀስ ወደ ሌላዋ ጠላ ጠማቂ ወደ ይታየሽ ቤት ዞሩ።

በ1965 ዝናቡ ቀረ። ገብስ ከገበያ ጠፋ። ከፃግብጂም ከጽጽቃም የተራበ ሰው ወደ ከተማው ጎረፈ። ያ ጣሳ ከሩቅ ይታያል፤ ጠላ ካለ እህል አለ ብለው ሁሉም እሷ ደጅ መጡ።

«እህሉ ቢቀር አተላውን» ይላሉ።

ጋኖቹን እየከፈተች ብታሳያቸው ማን ይመናት። እኛም ያለንን ሰጠን፤ ምን ሊሆን! ሱቃችን ውስጥ የቀረው ሳሙናና ላምባ ነው፣ ይህ አይበላ። አንድ ጠዋት አንዲት እናት እንጨቱን ተደግፋ እንደተቀመጠች ሞታ አገኘናት።

ከቀብር ስንመለስ ወለተ ሐና እንጨቱን በገዛ እጇ ነቀለችው።

«እንግዲህ በምን ያገኘኛል?» አለችኝ።

በማግስቱ ጣሳውን ይዛ መቀሌ መንገድ ዳር ተቀመጠች። አስማረ ሲያልፍ እንዲያየው ጭኗ ላይ አቆመችው። ውሃ ላደርስላት ስሄድ በበቅሎ የሚያልፍ አንድ ነጋዴ ጎንበስ ብሎ ጣሳው ውስጥ ሳንቲም ጣለላት። ሳንቲሙን አላየችውም። ቀና ብላ ፊቱን ፊቱን አየችው።

አስማረ አልነበረም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።