በክትባት ካርድ ላይ የተጻፈችው እናት

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ኮልፌ ባለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሃያ ስድስት ዓመት በሞግዚትነት ሠርተዋል። እኔ በዚያው ግቢ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበርሁ፣ ልጅ ሲያስተኙ የሚያንጎራጉሩት ዜማ በመስኮቴ ይገባ ነበር። ያኔ አርባው አልጋ ሞልቶ ሕፃን ወለል ላይ እናስተኛ ነበር። ዛሬ የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ግማሹ ወደ ዘመድ፣ ግማሹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄደዋል። እሳቸውም ባዶ አልጋ ባዩ ቁጥር «ተመስገን፣ ሥራ ልፈታ ነው» እያሉ ይስቃሉ።

ባለፈው ዓመት ልብስ ሰፊው ጉዲሳና ባለቤቱ ኤልሳቤጥ ኤቢሴን በጉዲፈቻ ለመውሰድ አመለከቱ። ኤቢሴ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአራስነቷ አጣና ተራ አጠገብ ተጥላ ተገኝታ ፖሊስ ያመጣት ልጅ ናት። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ የባልና ሚስቱን ቤት አየች፣ ጎረቤት ጠየቀች።

«በአባቴ አገር ቢሆን ሽማግሌ ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። እዚህ መኝታ ቤቴን እንኳ ለካችው እኮ!» አለ ጉዲሳ።

«ትለካ! አንተስ ጨርቅ ሳትለካ ትቆርጣለህ እንዴ?» አሉት ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ ግን ነገሩ ተሰናከለ። ዳኛዋ ፋይሉን ሲያገላብጡ ከክትባት ካርዱ ላይ ደረሱ። «የእናት ስም» በሚለው ፊት «ወለተጻድቅ» ተብሎ ተጽፏል።

«እናት ካለች ቃሏን ሳንሰማ ልጅ አንሰጥም» አሉና ቀጠሮ ሰጡ።

ለካስ ወይዘሮዋ ጤና ጣቢያ በወሰዷቸው ሕፃናት ካርድ ሁሉ ላይ የራሳቸውን ስም ሲያስጽፉ ኖረዋል! እኔም እነዚያን ካርዶች በየፋይሉ ስከት ኖሬ አንድም ቀን አላነበብኋቸውም።

«በገዛ እጄ ልጄን አባት አስከለከልኋት» ብለው፣ ሲጠብቁን በነበሩበት ኮሪደር ላይ አለቀሱ።

«አይዞዎት እማማ» አለ ጉዲሳ። «ግን ስንት ወለዱ እቴ? ኮልፌን ሞልተዋታል ማለት ነው!»

እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

በቀጠሮው ቀን ልጂቱን ያመጣው ፖሊስ ተጥላ ስለ መገኘቷ የጻፈውን ደብዳቤ ከአሮጌ ሣጥን ፈልጌ ይዤ ቀረብሁ። ዳኛዋ «ኤቢሴን ወልደዋታል?» ሲሏቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወደ ልጂቱ ዞረው አዩ።

«ክብርት ዳኛ፣ ልጂቱ ውጭ ትቆይልኝ።»

በሩ ሲዘጋ፣ «አልወለድኋትም» አሉ። «አጥቤ አብልቼ ነው ያሳደግኋት። ስሜን ያስጻፍሁት፣ ነርሷ እናቷ ማናት ስትል ዝም ማለት አቅቶኝ ነው።»

«ሁለተኛ እንዳይለምድዎት» አሉ ዳኛዋ፤ ፊታቸው ግን አልከፋም። ደብዳቤውን አመሳከሩና፣ ማንም ሳይገባ ኤቢሴን ብቻዋን በቢሯቸው አነጋገሯት። ከሰዓት በኋላ ጉዲፈቻው ጸደቀ።

«ዳኛዋን ምን አልሻቸው?» አልኋት ኤቢሴን።

«ቤታቸው ድመት አለ አልኩ።»

ስንመለስ አምስታችንም በአንድ ታክሲ ተሳፈርን።

«ልጂቱ የማናት? ትታቀፍ ወይ ይከፈልላት!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ።

«የኛ ናት!» አሉ ጉዲሳና ኤልሳቤጥ እኩል፤ ጉዲሳም ብድግ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «አባቷ ታቅፏታል፣ አንተ ምን አስጮኸህ?» ብለው ረዳቱን ገሠጹትና፣ ደስ ብሏቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።